እትብት ካልተቀበረበት ምድር
የጃፓን ገበሬ ቤተሰቦች በብራዚል

ሰው ብቻውን ሲሰደድ የሚሸከመው የራሱን ዕጣ ነው። ቤተሰብ ሲሰደድ ግን በአንድ ጣራ ሥር የተሠራ ዓለም ከነመሠረቱ ይነቀላል፤ ምድጃው፣ ቋንቋው፣ የታላቅና የታናሽ ሥርዓቱ፣ የበዓል ቀኑ፣ ልጅ የሚቀጣበትና አዛውንት የሚከበርበት ወጉ ሁሉ አብሮ ባሕር ይሻገራል። አበው «ካገሩ የወጣ አገሩ እስኪመለስ፣ ቢጭኑት አህያ ቢለጉሙት ፈረስ» ሲሉ የስደተኛውን መከራ በአጭር ቃል ገልጸውታል። ብሂሉ ግን አንድ ጥያቄ ሳይመልስ ያልፋል። ስደተኛው ሳይመለስ ቢቀርስ? ልጆቹ በባዕድ ምድር ቢወለዱና እትብታቸው እዚያው ቢቀበርስ፣ ያ ምድር እስከ መቼ ባዕድ ሆኖ ይኖራል?

ለዚህ ጥያቄ ረዥምና መራራ መልስ ከሰጡት ሕዝቦች መካከል ከሃያኛው ምእት ዓመት መባቻ ጀምሮ ወደ ብራዚል የፈለሱት የጃፓን ገበሬዎች ይገኙበታል። ታሪካቸው ከኢትዮጵያዊ አንባቢ የራቀ መስሎ ቢታይም እነዚያን ቤተሰቦች ግማሽ ዓለም አቋርጠው እንዲሄዱ ያደረጋቸው ቡና ነው። ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደኖች የወጣው የቡና ዘር በየመን አድርጎ ወደ እስያና ወደ አሜሪካ ተጉዞ በ1727 ብራዚል ገባ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ቀኖችና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከዚያ በኋላ በነበሩት ሁለት መቶ ዓመታት ውስጥ የቡናው ግንድ የብራዚልን ሀብት፣ ፖለቲካና የሕዝብ አሰፋፈር ለወጠ፤ በመጨረሻም ከጃፓን መንደሮች ሰው ጠራ።

የሰው ኃይል ጥማት

የሳን ፓውሎ ክፍለ ሀገር ቡና ለብዙ ዘመን የተለቀመው ከአፍሪካ በግፍ በተወሰዱ ባሮች እጅ ነበር። ባርነት በሜይ 13 ቀን 1888 በሕግ ሲሻር ፋዜንዳ በሚባሉት ሰፋፊ እርሻዎች ላይ የሠራተኛ እጦት ወደቀ። ባለ እርሻዎቹም ፊታቸውን ወደ አውሮፓ፣ በተለይም ወደ ኢጣሊያ ድኾች አዞሩ። ይሁን እንጂ ትናንት ባሪያ ሲገርፍ የኖረ ጌታ ዛሬ ደሞዝተኛ ማክበርን በአንድ ቀን አይማርምና በእርሻዎቹ ላይ የሚፈጸመው በደል አውሮፓ ድረስ ተሰማ። በ1902 የኢጣሊያ መንግሥት የመርከብ ዋጋ በሌላ ወገን እየተከፈለ ወደ ብራዚል የሚደረገውን ፍልሰት ከለከለ።

በሌላው የዓለም ጫፍ ጃፓን ከሩስያ ጋር በ1904 እና በ1905 ያደረገችውን ጦርነት በድል ፈጽማለች፤ የድሉን ዋጋ የከፈለው ግን ገበሬው ነበር። ግብሩ ከበደ፤ መሬቱ ጠበበ፤ ታናናሽ ወንዶች ልጆች የሚወርሱት አጡ። እስከዚያ ድረስ ለሥራ ፈላጊው ክፍት የነበረው የሰሜን አሜሪካ በርም በ1907 እና በ1908 በሁለቱ መንግሥታት ስምምነት ተዘጋ። ስለዚህ በ1907 ሚዙኖ ርዮ የተባለው የፍልሰት ኩባንያ ኃላፊ ከሳን ፓውሎ መንግሥት ጋር ሦስት ሺህ ሠራተኞች ለማምጣት ሲዋዋል፣ አንዱ ወገን እጅ ፈላጊ፣ ሌላው ወገን እንጀራ ፈላጊ ሆነው ተገናኙ።

በወረቀት የተሠራ ቤተሰብ

በውሉ ውስጥ አንድ ከባድ አንቀጽ ነበረ። ብራዚል የምትፈልገው ነጠላ ሰው ሳይሆን ቤተሰብ ነው። እያንዳንዱ ቤተሰብም ዕድሜያቸው ከ12 እስከ 45 ዓመት የሚደርስ ቢያንስ ሦስት ለሥራ የበቁ ሰዎች ሊኖሩት ይገባል። ምክንያቱ ቤተሰብን ከመውደድ የመነጨ አልነበረም። ነጠላ ወጣት ሲመረው ጓዙን አንጠልጥሎ ይጠፋል፤ ሚስትና ሕፃናት ያሉት ሰው ግን እንደ ታሰረ ይቆጠራል። የቤተሰብ ፍቅር ለባለ እርሻው ያለ ብረት የተሠራ እግር ብረት ሆነለት ማለት ነው።

የጃፓን ገበሬ ደግሞ ለዚህ አንቀጽ የራሱን መላ ፈለገ። አዲስ የተጋቡ ባልና ሚስት ሦስተኛ ሠራተኛ ሲጎድላቸው የወንድምን ልጅ ወይም የጎረቤትን ጎረምሳ በጉዲፈቻ ስም አስመዘገቡ። መሄድ የፈለገ ወንድ ከዚያ በፊት እምብዛም ያላያትን ልጃገረድ ለጉዞው ሲል አገባ። እንዲህ ያሉት ቤተሰቦች በጃፓንኛ «የተገጣጠሙ ቤተሰቦች» ተባሉ። ከእነርሱ አንዳንዶቹ መርከቡ ወደብ እንደ ደረሰ ተበታተኑ፤ አንዳንዶቹ በጠብ ኖሩ፤ ሌሎቹ ደግሞ ረኀብ፣ ወባና ሐዘን ባንድ ላይ ቀጥቅጦ እውነተኛ ቤተሰብ አደረጋቸው። በመዝገብ ሹም ፊት በሐሰት አባት የተባለው ሰው ከዓመታት በኋላ በሐሰት ልጁ እጅ በእውነተኛ ዕንባ ተቀብሯል። ሥጋ ያላዛመደውን ሰው መከራ እንደሚያዛምደው ከዚህ የበለጠ ምስክር ማግኘት ያስቸግራል።

«ካሳቶ ማሩ» የተባለችው መርከብ 781 የውል ሠራተኞችን አሳፍራ በኤፕሪል 28 ቀን 1908 ከኮቤ ወደብ ተነሣች። መርከቢቱ ራሷ ቀድሞ የሩስያ ንብረት የነበረች የጦርነቱ ምርኮ ናት። ከ52 ቀናት ጉዞ በኋላ በጁን 18 ቀን ሳንቶስ ወደብ ደረሰች። ቁጥራቸው 165 የሆነው እነዚያ ቤተሰቦች በሳን ፓውሎ ከተማ በሚገኘው የስደተኞች ማረፊያ ጥቂት ሰንብተው ለስድስት ፋዜንዳዎች ተከፋፈሉ። ለእነዚህ ሁሉ ሰዎች አስቀድመው የመጡት አስተርጓሚዎች አምስት ብቻ ነበሩ።

ደወል፣ ሙጃሌና ባቄላ

የፋዜንዳው ቀን የሚጀምረው ጎሕ ሳይቀድ በሚደወል ደወል ነው። አባት፣ እናትና ለአቅመ ሥራ የደረሱ ልጆች መኮትኮቻቸውንና ወንፊታቸውን ይዘው ወደ ቡናው ይወርዳሉ፤ ሕፃኑ በእናቱ ጀርባ ታዝሎ ይሄዳል። ክፍያው በቀን ሳይሆን በተለቀመው የቡና ስፍር ልክ ነበር። በአገራቸው ሳሉ አንድ ቤተሰብ ብዙ ለቅሞ በጥቂት ዓመት ውስጥ ሀብታም ሆኖ እንደሚመለስ ተነግሯቸዋል። ነገር ግን በ1908 ሲደርሱ የለቀማው ወራት አጋምሷል፤ ከተሰጧቸው ግንዶች ብዙዎቹ ያረጁና ፍሬያቸው የሳሳ ነበሩ። የዕለት ስንቁ ደግሞ ከባለ እርሻው ሱቅ በብድር ይወሰዳል። ወሩ ሲያልቅ ሒሳቡ ሲታይ ያ ቤተሰብ ባለ ዕዳ ሆኖ ይገኛል።

ቤቱም ቤት አልነበረም። ወለሉ አፈር፣ ግድግዳው ጭቃ፣ አልጋ የሌለበት ጎጆ ነው። በዚያ አፈር ውስጥ የሐበሻ ገጠር በሚገባ የሚያውቀው ሙጃሌ ይኖራል። ሙጃሌ የትውልድ አገሩ ያው የአሜሪካ ሞቃት ምድር ሲሆን ወደ አፍሪካ የገባው በ1870ዎቹ ከብራዚል ወደ አንጎላ በመጣ መርከብ ነው። ከኢትዮጵያ ቡና ወደ ብራዚል ሄደ፤ ከብራዚል ሙጃሌ ወደ አፍሪካ መጣ፤ የሁለቱንም ሸክም የተቀበለው ባዶ እግሩን የሚሄድ ገበሬ ነው። የጃፓን እናቶች ማታ ማታ በኩራዝ ብርሃን የልጆቻቸውን ጣቶች በመርፌ ሲፈለፍሉ ያመሹ ነበር።

ከሁሉ ይልቅ ምግቡ ባዕድነትን አበረታ። ጃፓናዊው በስኳር ጣፍጦ የሚያውቀውን ባቄላ ብራዚላዊው በጨውና በአሳማ ስብ ቀቅሎ ያቀርብለታል። ሩዙ ተጣብቆ የሚበላው የአገር ቤት ሩዝ ሳይሆን በዘይት የሚሠራ ብትን ሩዝ ነው። ሻይ የለም፤ ቡና ግን ሞልቷል። ሴቶቹ ግን እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። በጨው የሚዘፈዘፈውን የጃፓን ፕለም ሲያጡ ከርከዴን በጨው ዘፍዝፈው በምትኩ አቀረቡ፤ ለሾርባቸው ማጣፈጫ የሚሆነውን እርሾ በአገሩ በተገኘ እህል ሞከሩ፤ ወንዶቹም ባዶ የነዳጅ በርሜል አግድመው ወይም አቁመው ውሃ በማሞቅ የምሽት ገላ መታጠቢያቸውን ሠሩ። ባህል በትልልቅ አዳራሾች ብቻ ይጠበቃል ብሎ የሚያምን ሰው ካለ ያችን በርሜልና ያችን ከርከዴ ያስታውስ።

ከሁሉም በፊት የተማሩት የአገሩን ቋንቋ ሳይሆን ማምለጥን ነበር። አንድ ዓመት ያህል ሳያልፍ ከመጀመሪያዎቹ ስደተኞች የሚበዙት የተመደቡባቸውን እርሻዎች ጥለው ሄደዋል። አንዳንዶቹ ሥራ አቁመው ከባለ እርሻው ጋር ተሟግተው ወጡ፤ ሌሎቹ በሌሊት ልጆቻቸውን አዝለው ጠፉ። ቤተሰብ እግር ብረት ይሆናል ብሎ ያሰበው ባለ እርሻ ተሳሳተ፤ ለብዙዎቹ የማምለጫ ድፍረት የሰጣቸው የልጆቻቸው ራብ ነበርና።

የሩዝ ናፍቆት ዋጋ

ከጥቂት ዓመታት በኋላ የጃፓን ቤተሰቦች ገንዘባቸውን አጠራቅመው ጫካ መግዛትና የራሳቸውን መንደር መመሥረት ጀመሩ። ከእነዚህ መንደሮች አንዱ የብዙዎችን ሕይወት የቀጠፈ ትምህርት ትቶ አልፏል። ከአምስቱ አስተርጓሚዎች አንዱ የነበረው ሂራኖ ኡምፔይ በ1915 ተከታዮቹን ይዞ በሳን ፓውሎ ሰሜን ምዕራብ አዲስ መንደር አቀና። ሰፋሪዎቹ ቡና ከመልቀም ተላቀው ሩዝ ለመዝራት ቋምጠው ነበርና ከኮረብታው ይልቅ ለወንዙ የቀረበውን ረግረግ መረጡ። የአገሬው ሰው ከዚያ ዓይነት ቦታ የሚሸሸው በከንቱ አልነበረም። በጥቂት ወራት ውስጥ ወባ ገብቶ በአሥሮች የሚቆጠሩ ሰዎችን፣ ከእነርሱም ብዙ ሕፃናትን ፈጀ። ቀባሪ እስኪታጣ ድረስ ጤነኛ ያልተገኘባቸው ቤቶች ነበሩ። ሂራኖም በ1919 በወጣትነቱ ሞተ።

ይህ አሳዛኝ ምዕራፍ ከአገር ወደ አገር የሚሻገር ሰው ሁሉ ሊያስበው የሚገባ ነገር አለው። እነዚያን ሰዎች የገደላቸው ስንፍና አይደለም፤ ድንቁርና ብሎ መናቅም ፍርደ ገምድልነት ነው። የገደላቸው እውቀታቸው ነው። በጃፓን ለም መሬት ማለት ውሃ የሚተኛበት መሬት ነው፤ በብራዚል ያው ውሃ የትንኝ ማኅፀን ሆነ። አባት ከአባቱ የወረሰው ጥበብ በሌላ ሰማይ ሥር ሞትን ሊወልድ ይችላል። ሆኖም የተረፉት ያን መንደር አልተዉትም፤ ወደ ከፍታው ወጥተው እንደገና ሠሩ። የሞቱባቸውን ትተው መሄድ አልሆነላቸውም። «አምስት ዓመት ሠርተን እንመለሳለን» ይሉ የነበሩት ሰዎች የብራዚልን አፈር መጀመሪያ የራሳቸው ያደረጉት በመቃብር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሁለት ስም ያላቸው ልጆች

ከ1908 እስከ 1941 ባለው ጊዜ ወደ ብራዚል የገቡት ጃፓናውያን ቁጥር 190 ሺህ ገደማ ደረሰ። ድንች፣ ጥጥ፣ አትክልትና የሐር ትል ማርባት ያዙ፤ በ1927 በሳን ፓውሎ አጠገብ በኮቲያ 83 ድንች አምራቾች ያቋቋሙት የኅብረት ሥራ ማኅበር በኋላ በአገሩ ከታወቁት አንዱ ሆነ። ኑሮው እየተሻሻለ ሲሄድ ግን ጭንቀቱ ከሆድ ወደ ልጆች ተዛወረ።

ልጆቹ ሁለት ስም ነበራቸው፤ አንዱ ቤት ውስጥ የሚጠሩበት የጃፓን ስም፣ ሌላው በትምህርት ቤት የሚጻፍ የፖርቱጋልኛ ስም። ወላጅ ከመንግሥት ሹም ወይም ከነጋዴ ጋር ሲነጋገር አስተርጓሚው የአሥር ዓመት ልጁ ነው። እንግዲህ አባት በልጁ አንደበት ሲለምን፣ ልጅም በአባቱ ፈንታ ሲመልስ፣ የታላቅና የታናሽ ሥርዓት ሳይታወቅ ከውስጥ ተሸረሸረ። በብዙ ቤቶች ታላቁ ልጅ ከእርሻው ጋር ታስሮ ሲቀር ታናናሾቹ በእርሱ ላብ ወደ ከተማ ሄደው ሐኪምና መሐንዲስ ሆኑ። የታሪክ መጻሕፍት የሐኪሞቹን ስም ይመዘግባሉ፤ መጥረቢያውን ይዞ የቀረውን ታላቅ ወንድም ግን እምብዛም አያነሡትም።

ወላጆች በየሰፈሩ የጃፓንኛ ትምህርት ቤት ሠርተው ነበር። ነገር ግን ጊዜው ጠመመ። የ1934 ሕገ መንግሥት ከእያንዳንዱ አገር በየዓመቱ የሚገባውን ስደተኛ ባለፉት ሃምሳ ዓመታት ከገባው ወገኑ ከመቶ ሁለት እንዳይበልጥ ወሰነ፤ ይህም ይበልጥ የከበደው በጃፓናውያን ላይ ነው። በ1938 የዣቱልዮ ቫርጋስ መንግሥት ሕፃናትን በባዕድ ቋንቋ ማስተማርን ከለከለ። በ1941 የጃፓንኛ ጋዜጦች ተዘጉ። በ1942 ብራዚል ከጃፓን ጋር ግንኙነቷን ስታቋርጥ በአደባባይ በጃፓንኛ መነጋገር የሚያሳስር ወንጀል ሆነ። ፖርቱጋልኛ የማታውቅ አሮጊት ከደጇ ስትወጣ ድዳ እንድትሆን ተፈረደባት ማለት ነው። በጁላይ 1943 በሳንቶስና በአካባቢው የባሕር ጠረፍ የሚኖሩ በሺህ የሚቆጠሩ ጃፓናውያን በ24 ሰዓት ውስጥ ለቀው እንዲወጡ ታዘዙ። ቤታቸውን፣ ጀልባቸውንና ሱቃቸውን ጥለው በባቡር ተጫኑ።

ከሁሉ የከፋው ቁስል ግን ከውጭ የመጣ አልነበረም። ጋዜጣ ተዘግቶ፣ ራዲዮ ተወስዶ በጨለማ የተቀመጠው ሕዝብ በኦገስት 1945 ጃፓን እጇን መስጠቷን ሲሰማ አብዛኛው አላመነም። ስደተኛው ማኅበረሰብ «አሸንፈናል» በሚሉና ሽንፈቱን በተቀበሉ ወገኖች ተከፈለ። «ሺንዶ ሬንሜይ» የተባለው ድርጅት አክራሪዎች በ1946 እና በ1947 መጀመሪያ እውነቱን በተናገሩ ወገኖቻቸው ላይ ጥይት ተኮሱ፤ ከሃያ በላይ ሰዎች ሞቱ። ጎረቤት ከጎረቤት፣ ወንድም ከወንድም ተቆራረጠ። ለዚህ ክፋት መነሻው ጭካኔ ብቻ አይደለም። አገሩ ተሸነፈች ማለት መመለሻ የለህም ማለት ነው፤ መመለሻ የለህም ማለት ደግሞ የአርባ ዓመት ሕልምህ ባዶ ነበር ማለት ነው። ያን እውነት ከመቀበል የነገረውን ሰው መግደል የቀለላቸው ሰዎች ነበሩ።

ጥቁሩ አልማዝ

ወደ ሰሜን፣ ከምድር ወገብ አጠገብ በፓራ ክፍለ ሀገር በአማዞን ደን ውስጥ የሰፈሩት ደግሞ ሌላ ዕጣ ገጠማቸው። በ1929 ወደ ቶሜ አሱ የገቡት የመጀመሪያዎቹ 43 ቤተሰቦች ካካዋ ሊተክሉ ነበር። ካካዋው አልያዘላቸውም፤ ወባ ግን ያዛቸው። ብዙዎቹ እየተነሡ ወደ ደቡብ ሄዱ። የቀሩትን ያዳናቸው በ1933 ከሲንጋፖር በመርከብ የመጡ ሃያ የቁንዶ በርበሬ ችግኞች ናቸው። ከሃያው የተረፉት በጣም ጥቂት ነበሩ፤ ከእነዚያ ጥቂቶች የተባዛው ተክል ከጦርነቱ በኋላ ዋጋው በዓለም ገበያ ሲንር «ጥቁር አልማዝ» የሚል ስም እስኪያገኝ አበለጸጋቸው።

ብልጽግናውም አልዘለቀም። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ሥር የሚያበሰብስ በሽታ ቁንዶ በርበሬውን አወደመው። ገበሬዎቹ ሰፊ እርሻን በአንድ ተክል መሸፈን ምን ያህል አደገኛ መሆኑን በዚያ ተረዱ። የወንዝ ዳር ነዋሪዎች በጓሯቸው እንደሚያደርጉት ካካዋን፣ ፍራፍሬንና ቁንዶ በርበሬን ከረዣዥም ዛፎች ጥላ ሥር ደባልቀው መትከል ያዙ። የጌዴኦ ገበሬ ቡናውንና እንሰቱን በዛፍ ጥላ ሥር አዋሕዶ ሲያለማ የኖረበትን ዘዴ ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ይህ ጥበብ እንግዳ አይሆንበትም። የጃፓን ሰፋሪ በዚያ ደን የዳነው ደኑን ድል በማድረግ ሳይሆን የደኑን ሰው አይቶ በመማር ነው።

የተገለበጡ ወቅቶች

በጃፓን የቅኔ ሥርዓት ሃይኩ የሚባለው አጭር ግጥም ወቅትን የሚያመለክት ቃል እንዲኖረው ይፈለጋል። ታዲያ ዲሴምበር በጋ በሆነበት፣ በረዶ በማይዘንብበትና ቅጠል በመጸው በማይረግፍበት አገር ገጣሚው ምን ይጻፍ? በ1927 ወደ ብራዚል የገባው ሳቶ ኔምፑኩ በየመንደሩ እየዞረ ለገበሬዎች ሃይኩ አስተማረ፤ መንገዱም በዓይን የሚታየውን የብራዚልን ምድር መግጠም ነበር። በወጣትነቱ በ1929 የመጣው ማሱዳ ጎጋ ደግሞ ከተሩኮ ኦዳ ጋር በ1996 የብራዚልን ወቅቶች ቃላት የሰበሰበ መጽሐፍ በፖርቱጋልኛ አሳተመ። የቡና አበባ የወቅት ምልክት ሆኖ በሃይኩ ውስጥ ሲገባ ስደተኛው በእርግጥ አገር አገኘ ሊባል ይቻላል።

በሥዕልም እንዲሁ ነው። ማናቡ ማቤ በ1934 በአሥር ዓመቱ ከቤተሰቡ ጋር መጥቶ በቡና እርሻ ያደገ ሰው ነው። ከሥራ በተረፈችው ሰዓት ሥዕል እየለማመደ በ1959 በሳን ፓውሎ ቢየናሌ ከብራዚል ሠዓሊያን ምርጥ ተብሎ ተሸለመ። ቶሚዬ ኦህታኬ በ1936 ወንድሟን ለመጠየቅ መጥታ በጦርነቱ ምክንያት መመለስ አልቻለችም፤ ልጆች ካሳደገች በኋላ አርባ ዓመት ሊሞላት ሲል ብሩሽ ይዛ በ2015 በ101 ዓመቷ እስክታርፍ ድረስ ከአገሩ ታላላቅ ሠዓሊያን አንዷ ሆና ኖረች። በሲኒማ ደግሞ የስደተኞች የልጅ ልጅ የሆነችው ቲዙካ ያማሳኪ በ1980 «ጋይጂን» የተባለውን ፊልም አዘጋጀች። ፊልሙ ለውሉ ሲባል የማታውቀውን ወንድ አግብታ በ1908 ወደ ቡና እርሻ የሄደችውን ልጃገረድ ሕይወት ያሳያል።

«ጋይጂን» በጃፓንኛ ባዕድ ሰው ማለት ነው። የመጀመሪያዎቹ ስደተኞች በብራዚል ምድር ቆመው ብራዚላዊውን «ጋይጂን» ይሉት ነበር። የጃፓን መንግሥት በ1990 ሕጉን አሻሽሎ እስከ ሦስተኛ ትውልድ ያሉ የስደተኞች ልጆች መጥተው እንዲሠሩ ሲፈቅድ የልጅ ልጆቹ የመኪናና የኤሌክትሮኒክስ ፋብሪካ ሠራተኞች ሆነው ወደ አያቶቻቸው አገር ጎረፉ። በ2007 ቁጥራቸው ከ300 ሺህ አልፏል። በፊታቸው ጃፓናዊ፣ በቋንቋቸውና በአካሄዳቸው ብራዚላዊ ስለነበሩ በአያቶቻቸው አገር «ጋይጂን» የተባሉት እነርሱ ሆኑ። በ2009 የዓለም ኢኮኖሚ ሲናጋ ደግሞ የጃፓን መንግሥት የመሳፈሪያ ገንዘብ እየሰጠ ብዙዎቹን ሸኘ። አያት በሄደበት ባሕር የልጅ ልጅ ተመልሶ፣ እንደገና ዞሮ ወደ ቤቱ ገባ፤ ቤቱም ብራዚል ነበር።

ዛሬ ከጃፓን ውጭ የጃፓን ዘር በብዛት የሚኖረው በብራዚል ነው። በጁላይ 2024 የብራዚል መንግሥት የምሕረት ኮሚሽን በጦርነቱ ዘመንና ከዚያ በኋላ በጃፓን ስደተኞች ላይ ለተፈጸመው በደል በይፋ ይቅርታ ጠየቀ። ከሳንቶስ በባቡር ተጭነው ከተባረሩት አብዛኞቹ ያን ቃል ሳይሰሙ አልፈዋል። ቢሆንም ይቅርታ የሚጠየቀው ባለ ቤት እንጂ መንገደኛ አይደለም። ውል በወረቀት ያገጣጠመው ቤተሰብ ወባን፣ ዕዳን፣ የአፍ መለጎምንና የወንድማማች ጥይትን አልፎ በመቶ አሥራ ስድስት ዓመቱ ከአገሩ ሰዎች እኩል ተቆጠረ። ያ ምድር ባዕድ መሆኑን ያቆመው አባቶች የሚመለሱበትን ቀን መቁጠር ሲተዉ፣ የሙታኖቻቸውን መቃብርና የልጆቻቸውን እትብት በአንድ አፈር ሲያዩ ነው።